እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ውሃ አልነበረም

እንግዲህ ስሙኝ። ነገሩ የሚጀምረው በ1888 ዓ.ም. ነው። የጣሊያን ጦር መቐለን ይዞ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ምሽግ ሠራ። ድንጋይ ካበ፣ ዙሪያውን አጠረ፣ መድፉን ጠመደ። አዛዡ ሻለቃ ጋሊያኖ ይባላል። ቦታው የሚያስጎመጅ ነው፤ ሜዳው ሁሉ ከእግር ሥር ይታያል። ምንጩ ግን ከግንቡ ውጭ፣ ከኮረብታው በታች ነበር።

የምኒልክ ጦር ደርሶ ከበበ። በጉልበት ሊሰብረው ሞክሮ ብዙ ሰው አለቀበት። ኋላ ላይ እቴጌ ጣይቱ ምንጩ ይያዝ አሉ፤ ተያዘ። ከዚያ ወዲያ በምሽጉ ውስጥ ውሃ በስፍር ሆነ፣ ስፍሩም ከቀን ወደ ቀን አነሰ። በጥር ወር ጋሊያኖ ግንቡን ለቆ ወጣ።

ዛሬ ኮረብታው የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ይህን ታሪክ በጀግንነቱ እናነሣዋለን፤ ሊነሣም ይገባዋል። እኔ ግን ቤት ለመሥራት ቦታ የሚያይ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ጋሊያኖ ትዝ ይለኛል። ቦታውን በዓይኑ ለካ፣ ከሥሩ ያለውን ግን ሳይጠይቅ ግንብ ገነባ።

ከመቐለ ሥር ስላለው ድንጋይ ከጻፉት ሰዎች የአንዱ አመጣጥ ያስገርማል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲያልፍ ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስት አብሮ ነበር። ሰዉ ሁሉ ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሲያወራ እሱ ገደሉን ያጠናል። ከመቐለ በስተደቡብ ሕንጣሎ ሲደርስ ያየውን የኖራ ድንጋይ በቦታው ስም “አንታሎ” ብሎ መዘገበው፤ ጂኦሎጂስቶች እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ከዚህ ድንጋይ በላይ የአጉላ ሼል ተነጥፏል። ሁለቱንም ደግሞ ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣ ጥቁር ድንጋይ፣ ዶለራይት፣ እየሰነጠቀ ገብቶባቸዋል። ከተማዋ የተቀመጠችው በዚህ ሁሉ ላይ ነው።

አሁን ቤት ሊሠራበት በታሰበ ቦታ ላይ ለአፈር ምርመራ የሙከራ ጉድጓድ ሲቆፈር አጠገቡ ቁሙ። ስፋቱ ሰው ያስገባል፣ ጥልቀቱ ሁለት ሦስት ሜትር ነው። ከላይ ጥቁር መረሬ አፈር አለ፤ በጋ ከሆነ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ታዩበታላችሁ። ዝቅ ሲባል በእጅ ሲይዙት እንደ ሽንኩርት የሚላጥ የጭቃ ድንጋይ ይመጣል። ይኸው የአጉላ ሼል ነው። በንብርብሩ መካከል ነጭ ክር ይሄዳል። ጥፍራችሁን አሳርፉበት። ከተጫረ ጀሶ ነው። ካልተጫረ ጂኦሎጂስቱ ከብልቃጥ አንዲት ጠብታ አሲድ ጣል ያደርግበታል፤ ከፈላ የኖራ ድንጋይ ነው። ጀሶ አይፈላም።

ይህች የጥፍር ጭረት ብዙ ገንዘብ ታድናለች። ጀሶ ውሃ ሲያገኘው ይሟሟል። ውስጡ ያለው ሰልፌት ከውሃው ጋር ወደ መሠረቱ ኮንክሪት ይገባና ከሲሚንቶው ጋር ተዋህዶ አዲስ ነገር ያበቅላል፤ ያም እያበጠ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። አስቀድሞ የታወቀ እንደሆነ መድኃኒቱ አለ፤ ሰልፌት የሚቋቋም ሲሚንቶ ይታዘዛል፣ ውሃው ከመሠረቱ የሚርቅበት ቦይ ይሠራል። ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ማን ቆፍሮ ይደርስበታል?

መረሬውም የራሱ ጣጣ አለው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይኮማተራል፤ ቤቱን ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣው ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የዚህ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ባለ ብዙ ፎቁ ሕንፃ በክብደቱ አፈሩን ተጭኖ ይይዘዋል፤ አፈሩ እንዳሻው የሚያደርጋት ቀላሏን ቤት ነው፤ ጡረተኛው ዕድሜ ልኩን ባጠራቀመው ገንዘብ የሠራትን። “የአፈር ምርመራ ለትልቅ ሕንፃ ነው” የሚለው ወሬ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው። የጎረቤትን የምርመራ ውጤት ገልብጦ ማስገባትም ያው ነው። ዶለራይቱ በሰነጠቀው አገር ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ያለው መሬት ሌላ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ደህና መርማሪ ግን ከመቆፈሩ በፊት ይጠይቃል። ካርታ ያያል፣ የድሮ የአየር ፎቶ ያመሳክራል፣ ከዚያ አካባቢውን የሚያውቁ አዛውንት ፈልጎ ይቀመጣል። “አቦይ፣ እዚህ ቦታ ቀድሞ ምን ነበር?” ይላል። “ድንጋይ ይወጣበት ነበር፣ በኋላ ቆሻሻ ሞላው” የምትል አንዲት መልስ አሥር ገጽ ሪፖርት ትቀይራለች። ቆሻሻ የሞላው መሬት ምን እንደሚያደርግ በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ አዲስ አበባ፣ ቆሼ ላይ አይተናል። የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ፤ ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ።

ሰው ያበላሸው መሬት ደግሞ ሁልጊዜ ክምር ሆኖ አይታይም። ጋራዥ የነበረበትን ቦታ አስቡ። ለዓመታት የተቃጠለ ዘይት ሲደፋበት፣ የባትሪ አሲድና እርሳስ ሲፈስበት ኖሮ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ከላይ ጠጠር ይበተንበትና ለመዋዕለ ሕፃናት ይከራያል። መርማሪው እዚህ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ መርዙ የት አለ? በምን መንገድ ይሄዳል? ማን ዘንድ ይደርሳል?

ለመቐለ የመጨረሻው ጥያቄ ዓይናለምን ያስጠራል። ከከተማዋ በደቡብ ምሥራቅ ያለው የዓይናለም የጉድጓድ ውሃ ከተማዋን ሲያጠጣ የኖረ ነው። ውሃው የሚተኛው በኖራ ድንጋዩና በዶለራይቱ ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ በስንጥቅ የሚሄድ ውሃ ደግሞ እንደ አሸዋ ውስጥ ውሃ ተጣርቶ አይወርድም፣ ያገኘውን ይዞ ይፈጥናል። ከተማዋ ወደዚያ በሰፋች ቁጥር ማደያውና ሽንት ቤቱ አብረው ይሄዳሉ። አንድ የነዳጅ ታንከር ከሥር ቢያፈስ ባለቤቱ ከማወቁ በፊት ውሃው ሊያውቀው ይችላል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከሥራው በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ይጠና ይላል፤ አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለው ያጽዳ ይላል። በስንጥቅ የገባን ነዳጅ ማጽዳት ግን እጅግ ከባድ ነውና እኔ የምወደው የመጀመሪያውን ነው።

አሁን የሚከብደውን ልንገራችሁ። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አውሮፕላኖች መቐለን ሲደበድቡ ክላስተር ቦምብ ዓይደር ትምህርት ቤትና አካባቢው ላይ ወደቀ። 53 ሰዎች ሞቱ፤ 12ቱ ተማሪዎች ነበሩ። የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሳ ኮሚሽን በ1996 ዓ.ም. ኤርትራን ተጠያቂ አድርጓል። ክላስተር ቦምብ በአየር ላይ ተከፍቶ ትናንሽ ቦምቦች ይበትናል፤ ከእነዚያ ውስጥ ሳይፈነዱ አፈር ውስጥ የሚቀሩ አይጠፉም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት መጣ፤ የመድፍ ጥይትና የአየር ድብደባ በከተማዋም በገጠሩም ወረደ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም ተኩሱ ቆመ፤ በአፈር ውስጥ የቀረው ግን ስምምነቱን አልሰማም።

ስለዚህ ጦርነት ባለፈበት መሬት ላይ የሥራው ተራ ይለወጣል። መጀመሪያ የሚገባው ያልፈነዱ ፈንጂዎችን የሚያጸዳው ባለሙያ ነው፤ የመቆፈሪያው ማሽን ከእሱ በኋላ ይመጣል። በቀን ሥራ መሠረት ለምትቆፍሩ ልጆችም የምለው አለኝ፤ ሪፖርቱን የሚያነበው ሌላ ነው፣ አካፋው ግን በእናንተ እጅ ነው። ዶማችሁ ያላወቃችሁትን ብረት ከነካ አታንሡት፣ አትወርውሩት፣ ለቁራሊዮ ብላችሁም ከረጢት ውስጥ አትክተቱት። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ሕፃናቱን አርቁ፣ ቦታው ላይ ከሩቅ የሚታይ ምልክት አድርጉ፣ ለፖሊስ ደውሉ። ያን ቀን የቀረባችሁን አበል አሠሪው ይክፈላችሁ።