"የሰጠን" ወይስ "የሸጠን"?

ጽሁፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የታሪክ ወሬ ነው፣ ግን የምነሳው ቡፌያችን ላይ ከተቀመጠ አንድ ጥቁር ሳጥን ነው።

ከስምንት ወር በፊት ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ላከልኝ። ዲጂታል ድምፅን ወደ አናሎግ የሚቀይር መሣሪያ ነው፤ የሙያው ሰዎች ባጭሩ "ዳክ" ይሉታል። አሮጌ ይባል እንጂ አዲስ ሳለ ዋጋው የእኔን የዓመት ደመወዝ ያስንቃል። ባለቤቴ ዳንቴል አልብሳው ነበር፤ ስለሚሞቅ አነሳሁት። "ስፒከር አይደለም፣ ቴፕ አይደለም፣ ታዲያ ምንድነው ሥራው?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ናት።

ኮምፒውተራችን ውስጥ ያለው ዘፈን ድምፅ አይደለም፤ የቁጥር ክምር ነው። ስፒከር ደግሞ ቁጥር አያውቅም፤ የሚያውቀው ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ቁጥሩን ወደዚያ ኤሌክትሪክ የሚመልሰው ዳክ ነው። ስልካችሁ ውስጥም አለ፣ ጥፍር የማታክል። የውዱ ልዩነት ጥንቃቄው ላይ ነው፦ እያንዳንዱን ቁጥር በሰዓቱ፣ በልኩ፣ የመብራቱ ጉርምርምታ ሳይገባበት ያወጣል።

ድምፅን ቁጥር የማድረግ ሐሳብ ከሲዲ በጣም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1938 ፓሪስ ይሠራ የነበረ አሌክ ሪቭስ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው ፓተንት ያወጣበት። ያኔ ሐሳቡን በርካሽ የሚሠራ ዕቃ አልነበረም። ጦርነት ግን ርካሽ ውድ አይልም። እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካኖቹ "ሲግሳሊ" የሚባል የምስጢር ስልክ ዋሽንግተንና ለንደን ላይ ተከሉ። አንዱ ጣቢያ ብቻ ከ50 ቶን በላይ ይመዝናል! ድምፁን ወደ ቁጥር ይቀይርና በምስጢር ቁልፍ ያደባልቀዋል። ቁልፉ ምን መሰላችሁ? ሸክላ ላይ የተቀዳ ጫጫታ ነው፤ አንድ ቅጂ እዚህ፣ አንድ ቅጂ እዚያ። ቃሉ ይሰማል፣ ግን የተናጋሪውን ድምፅ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ይቺን ያዙልኝ።

ቀጥሎ ተራው የስልክ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1962 ቤል ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ጥሪዎችን በቁጥር ማስተላለፍ ጀመረ፤ በሰከንድ 8,000 ናሙና እየወሰደ። ሕጉ ቀላል ነው፦ አንድን ድምፅ ለመያዝ ቢያንስ ከንዝረቱ እጥፍ የበለጠ ናሙና ያስፈልጋል። ስለዚህ 8,000 ናሙና ያለው ቅጂ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለውን አይዝም። ለመነጋገር ይበቃል። ግን ስልክ ላይ "ሰ" እና "ፈ" ስንት ጊዜ አደናግረውናል? የእነዚህ ፊደላት ፉጨት አብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ ነው።

የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ስለሚሰማ ለሙዚቃ ከ40,000 በላይ ናሙና ግድ ነው። ሶኒና ፊሊፕስ ሲዲን ሲሠሩ 44,100ን መረጡ። ለምን እንዲህ የተንጠለጠለ ቁጥር? የመጀመሪያዎቹ ዲጂታል ቅጂዎች የሚቀመጡት በቪዲዮ ቴፕ ስለነበር ነው። 245 መስመር፣ በመስመር 3 ናሙና፣ በሰከንድ 60 ጊዜ፤ አባዙት። በጥቅምት 1982 (እ.ኤ.አ.) የሶኒ ሲዲ ማጫወቻ ጃፓን ውስጥ በ168,000 የን ገበያ ወጣ። እያንዳንዱ ናሙና ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይለካል። የፊሊፕስ መሐንዲሶች ግን በእጃቸው የነበረው ዳክ 16 ቢት ሳይሆን 14 ቢት ብቻ ነበር፤ አራት እጥፍ አፍጥነው በማሠራት ጉድለቱን በዘዴ አካካሱት። ከዚያ ወዲህ ነው ማጫወቻውና መቀየሪያው በሁለት ሳጥን ተለያይተው መሸጥ የጀመሩትና የኔው ዓይነት ሳጥን የተወለደው።

እንግዲህ ወደ ቤቴ ልመለስ።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና አያቴን በሦስት ካሴት ቀድቷት ነበር። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች። ወሬው ስለ ጣሊያን ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ስላሳለፉት ነው። በ2001 ዓ.ም. እኔ አዲስ ዲፕሎማ ይዤ፣ ዘመናዊ ልሁን ብዬ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር አስገለበጥኩ። ሚሞሪ ካርዴ 128 ሜጋባይት ነበር። በሲዲ ልክ ቢገለበጥ የአንድ ሰዓት ካሴት ብቻ 635 ሜጋባይት ይበላል። ስለዚህ ትንሹን መርጬ በ8,000 ናሙና አስደረግኩት፤ በስልክ ልክ ማለት ነው። ሦስቱም ገቡልኝ፣ ቦታም ተረፈኝ። ደስ አለኝ። ካሴቶቹስ? ሁለቱ ላይ ዘፈን ቀዳሁባቸው፣ ሦስተኛው ቤት ስንቀይር ጠፋ። ማንንም አልከስም፤ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ቅጂው ውስጥ አንድ ቦታ አለ። አባቴ ስለ አንድ ጎረቤታቸው ይጠይቃታል። "እማዬ፣ እሱስ ያኔ ምን አደረገ?" ይላል። አያቴ ትንሽ ዝም ትላለች። ከዚያ "በዚያ ክፉ ቀን እሱ አይደለም የሰጠን?" ትላለች፤ ካሴቱ እዚያ ላይ ያልቃል። ስንት ዓመት በስልኬ ስሰማው እህል ሰጥቶ ያተረፋቸው ሰው አድርጌ ነበር የያዝኩት። ለልጆቼም እንዲያ ነው የነገርኳቸው።

ዳኩ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ማታ፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ከፈትኩት። አባቴ ሲተነፍስ ሰማሁ። በሩቅ የሚጮኽ ዶሮ ሰማሁ፤ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። እዚያች ቦታ ስደርስ ግን ደነገጥኩ። "ሰ" የለችም። "ሸ"ም የለችም። ፊደሏ በነበረችበት ቦታ ትንሽ ሹክሹክታ ብቻ ነው ያለው። "የሰጠን" ይሁን "የሸጠን" አይለይም። ከሃያ ጊዜ በላይ መለስኩት። ያን ሁሉ ዓመት ፊደሏን ስሞላት የኖርኩት እኔው ነበርኩ።

አክስቴን ጠየቅኳት። "እናቴ ስለዚያ ቀን ለአባትህ እንጂ ለእኛ አውርታ አታውቅም" አለችኝ። ዳኩን የላከልኝ ልጅ ደግሞ የሚያጸዳ ሶፍትዌር አለ አለኝ። አለ፤ ግን "ሰ"ንም ቢያስገባ "ሸ"ንም ቢያስገባ የሶፍትዌሩ ግምት እንጂ የአያቴ ቃል አይደለም። የሰውየውን ቤት ስም አልጠራም። የልጅ ልጁ ወዳጄ ነው፣ አብረን ቡና እንጠጣለን። ባላረጋገጥኩት ነገር ሰው አላማም፣ አላመሰግንምም።

ክፍል ውስጥ "ቀዳሚ ምንጭ" ስላችሁ የነበረው ይሄ ነው። በጣም ውዱ መሣሪያ እንኳ የሚመልሰው የተቀዳውን ብቻ ነው፤ የተጣለውን አይመልስም። አምሃ ሬኮርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸው ዘፈኖች በኢትዮጲክስ ሲዲዎች ዓለምን የዞሩት ቅጂዎቹን ያቆየ ሰው ስለነበረ ነው። ለዳኩ ግን አመሰግነዋለሁ። መልስ አልሰጠኝም፤ የማውቅ የመሰለኝን ነገር እንደማላውቅ ግን ነገረኝ።

የቤት ሥራ አላችሁ። እናት አባታችሁ ቤት ካሴት ካለ በትልቁ አስገልብጡት፤ ዛሬ ቦታ ርካሽ ነው። ከገለበጣችሁ በኋላም ካሴቱን እንዳትጥሉት። ተናጋሪው በሕይወት ካለ ደግሞ ካሴቱን ተዉት፤ ሄዳችሁ ጠይቁት።

መልካም ሰንበት!