ስለ ድርቅ ማስጠንቀቂያና ስለ ጎተራው መንገድ

ገበሬ ሰማይን እየተመለከተ የሚኖር ሰው ነው። ደመናው ከየት እንደ ተነሣ፣ ነፋሱ ወዴት እንደ ዞረ፣ በልጉ እንደ ዘገየ ወይም እንደ ቀደመ ሁሉን በልቡ ይመዘግባል። ስለዚህ የድርቅን ምልክት አስቀድሞ ማየት ለአገራችን አዲስ ጥበብ አይደለም። አስቸጋሪ ሆኖ የቈየው፣ ገበሬው ያየውን ነገር ጎተራ ለመክፈት ሥልጣን ላለው ሰው በጊዜው ማድረስና ጎተራውን ማስከፈት ነው። እኛም ይህን ጉዳይ በታሪክ ለመመርመር አስበን፣ መነሻችንን ከአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከሱሉልታ፣ ከቡራዩና ከሰበታ እናደርጋለን።

የእንጦጦ ሸንተረር ውሃን ለሁለት የሚከፍል ተራራ ነው። በስተ ሰሜን በሱሉልታ ሜዳ የሚወርደው ዝናብ በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ ይገባል። በቡራዩ በኩል በገፈርሳ የሚጠራቀመው ውሃና የሰበታ ወንዝ ግን ወደ አዋሽ ያመራሉ። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስት ከተሞች፣ በጎጃም፣ በወለጋና በጅማ መንገዶች ላይ የመዲናይቱ በሮች ናቸው። ምድራቸው ደጋ፣ ዝናባቸውም በአብዛኛው ዓመት በቂ ነው፤ የሱሉልታ ድርቆሽ የአዲስ አበባን የወተት ላሞች ሲቀልብ ኖሯል። ከዚህም የተነሣ ከመዲናይቱ የሚወጣ ሹም አስቀድሞ የሚያየው የለመለመ መስክ ነው። ይህ በረከት ዐይንን ሊያታልል ይችላል። የእንጦጦ ግርጌ ስለ ለመለመ ወሎም፣ ትግራይም፣ ቦረናም የለመለሙ ይመስላልና።

የኛን ክረምት በልክ ያውቁት የነበሩት በዓባይ ግርጌ ያሉት ግብፃውያን ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ861 ዓ.ም. በካይሮ በሮዳ ደሴት የተሠራው የዓባይ መለኪያ፣ ክንድ ክንድ ተከፍሎ ምልክት የተደረገበት የድንጋይ ዓምድ ነው። የውሃው ሙላት እየተነበበ የዓመቱ ግብር ይወሰን ነበር። እንግዲህ በኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ ሲጎድል፣ ጉድለቱ ተለክቶ የሚታወቀው በባዕድ ከተማ ነበር ማለት ነው።

በእኛ ዘንድ የሚታወሰው ታላቁ መከራ «ክፉ ቀን» የተባለው ነው። በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው የደስታ በሽታ በአገሪቱ ያሉትን ከብቶች አብዛኛውን ፈጀ። በሬ ያጣ ገበሬ ሳያርስ ቀረ፤ ዝናቡም ጎደለ፣ አንበጣና ተምችም ተከተሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ አገሪቱ በዚሁ መከራ መካከል ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቈፈሩ ይነገራል። ከዚህ የምንማረው፣ ረኃብን የሚያስጠነቅቅ ሰው ከደመናው ጋር በሬውንም መመልከት እንደሚገባው ነው። ዛሬ የእንስሳትን በሽታ የሚመረምረው አገር አቀፍ ተቋም የሚገኘው በሰበታ ነው። ያ አገር ያጠፋ የደስታ በሽታም፣ ክትትልና ክትባት ሳይነጣጠሉ በመሥራታቸው፣ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ያየው ሰው ሲናገር፣ የሰማውም ሲሠራ ምን ፍሬ እንደሚገኝ ይህ ምስክር ነው።

የተቃራኒው ምስክር ደግሞ ወረ ኢሉ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የገጠሩ ሕዝብ ለረኃብ ስለ መጋለጡ በጻፉት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፣ በ1958 ዓ.ም. የመከሩ እህል እንደ ጠፋ ወዲያው የወረ ኢሉ አውራጃ ችግር ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ተነገረ። ዜናው ከዚያ ተነሥቶ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እስኪቀርብ 302 ቀን ፈጀ። ከቀረበም በኋላ ከወሎ የተጠየቀው የሞቱት ሰዎች የስም ዝርዝር ነበር። 302 ቀን ዐሥር ወር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የበልጉ ወራት ያልፋል፤ ክረምቱም ገብቶ ይወጣል። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ደርሶ ሳለ፣ ደብዳቤው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዘዋወር የዘሩ ጊዜ አለፈ፤ የሚዘራውም ሰው ሞተ።

በ1965 ዓ.ም. ደግሞ የወሎ ገበሬዎች ደብዳቤ እስኪደርስላቸው ሳይጠብቁ ራሳቸው መልእክተኛ ሆነው ወደ አዲስ አበባ ተጓዙ፤ ነገር ግን በፖሊስ ተመለሱ። ያ ረኃብ ለዓለም ከታወቀ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ቆመ፤ ጥቂት ዓመትም ሳይቈይ የዝናብን፣ የሰብልንና የገበያ ዋጋን ወሬ የሚሰበስብ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ክፍል አቋቋመ። ይህ ክፍል ሥራውን ሠርቷል። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ከ5 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ለረኃብ መጋለጡን ለለጋሽ አገሮች አስታወቀ። ሆኖም ለጋሾቹ ዘገዩ፤ መንግሥቱም በአብዮቱ ዐሥረኛ በዓል ዝግጅት ተይዞ ነበር። ዓለም የደነገጠው ከሰባት ወር ያህል በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም ሕዝብ በቴሌቪዥን ሲታይ ነው።

ከዚያ ወዲህ መንገዱን ለማሳጠር ብዙ ተደክሟል። በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለው የሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት ዝናቡን በየዐሥር ቀኑ እየመዘገበ ያስታውቃል። የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ሲሞቅ የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋችን ክረምት ሊደክም እንደሚችልም ስለ ታወቀ፣ ከዘር በፊት ትንበያ ይሰጣል። ሳተላይትም የሣሩን ልምላሜ ከሰማይ ያያል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ደግሞ ችግረኛው አስቀድሞ ተመዝግቦ እህል ወይም ገንዘብ የሚያገኝበት ቋሚ መንገድ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኞ ባመጣው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ ቢያስፈልገውም እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት አልደረሰም። መንግሥት ከራሱ ካዝና ገንዘብ አውጥቶ ቀድሞ እህል መግዛቱ ለዚህ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ይህ ማለት ግን ሥራው ተፈጽሟል ማለት አይደለም። ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ በአሜሪካ መንግሥት የተቋቋመው የረኃብ ማስጠንቀቂያ መረብ በጥር 2017 ዓ.ም. በዋሽንግተን ውሳኔ በድንገት ተዘጋ፤ ሥራውን የቀጠለውም ወራት ቈይቶ ነው። የሌላ ሰው ዐይን ምንም ቢያይ፣ ሲከደን የሚጨልመው ለእኛ ነው። ስለዚህ በየወረዳው ዝናብ የሚለካውን፣ የበሬና የእህል ዋጋ የሚመዘግበውን ሠራተኛ እንደ ታናሽ አንቈጥረው።

እንግዲህ አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ ታሪካችን የሚወቅሰው ያየውን ገበሬ ሳይሆን በመካከል ያለውን ጠረጴዛ ነው። የማስጠንቀቂያ ጥራት የሚመዘነው ቃሉ ከተነገረበት ቀን አንሥቶ እህሉ እስከ ደረሰበት ቀን ድረስ ባለው ቍጥር ነው። ይህ ቍጥር በየዓመቱ ለሕዝብ ቢገለጽ፣ 302 ቀን ዳግመኛ ተሰውሮ ሊያልፍ አይችልም። በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ አረንጓዴ መስክ አልፈን ወደ መሥሪያ ቤታችን የምንገባ ሰዎችም፣ የምናየው መስክ የመላዋ ኢትዮጵያ መስክ አለመሆኑን ዘወትር እናስታውስ። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለዚህ ይስማማል።