ከአይጥ አዳኝነት እስከ መጠለያ፦ ያረጀች ድመት ታሪክ

ድመት ወደ ሰው ቤት የገባችው አይጥን ተከትላ ነው። የዘር ግንዷ የአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ በቆጵሮስ ደሴት ከሰው አጠገብ ተቀብራ የተገኘች ድመት 9500 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። እንደ ኮንጋ ባሉ የጌዴኦ እንሰትና ቡና አብቃይ ቀበሌዎችም፣ በሌላውም የኢትዮጵያ ገጠር፣ ድመት ዋነኛ ሥራዋ አይጥን ከቤት ማራቅ ነው። ግልገሏ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በስጦታ ታልፋለች። ዋጋዋ በአደኗ ሲለካ ግን ጥርሷ ላለቀ ድመት መለኪያው ይከፋል።

የእንስሳት መጠለያ ይህን መለኪያ ቀየረ። በለንደን በ1860 እ.ኤ.አ. ለባዘኑ ውሾች የተቋቋመውና በኋላ ባተርሲ የተባለው ቤት በ1883 ድመቶችንም መቀበል ጀመረ። ዛሬ በመጠለያ በኩል አደን የማትችል፣ ሰው የምትሸሽ ድመትም አሳዳጊ ልታገኝ ትችላለች።

እንዲህ ያለችው ድመት በመጀመሪያ የምትፈልገው አንድ ጸጥ ያለ ክፍልና መደበቂያ ሣጥን ነው። በግድ አትታቀፍም፤ ምግቧ በየቀኑ በአንድ ሰዓትና ቦታ ሲቀርብላት በራሷ ጊዜ ትቀርባለች፤ አንዳንዷን ይህ ወራት ይፈጅባታል። በእርጅና ኩላሊትና ጥርስ ስለሚታመም የእንስሳት ሐኪም ምርመራ ያስፈልጋታል፤ የእብድ ውሻ በሽታ በሚገኝበት በኢትዮጵያ ደግሞ ክትባቱ ከሁሉ ይቀድማል።