ቀላሉና አሮጌው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፦ ማራኪነቱና ዕዳው

በቴክኖሎጂ ገበያ አዲሱ ምርት አሮጌውን እየገፋ ማስወጣቱ የተለመደ ነው። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ታሪክ ግን በዚህ መንገድ ብቻ አልተጓዘም። ባለፉት 20 ዓመታት ገደማ ኃይላቸው የበዛ፣ ስክሪን የተገጠመላቸውና ጉም የሚመስል ተን የሚተፉ መሣሪያዎች የውጭውን ገበያ አጥለቅልቀውታል። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ባትሪና አንድ ትንሽ የፈሳሽ ማጠራቀሚያ ብቻ ያላቸው ቀደምት ዓይነቶች ግን ዛሬም ይመረታሉ፤ ዛሬም ፈላጊ አላቸው።

በኢትዮጵያ ይህን ምርት ማስገባትም ሆነ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ በማኅበራዊ ሚዲያና ከውጭ በሚመጡ ሰዎች አማካይነት ከከተማ እስከ ገጠር ይሰማል። አንዳንዱ “መዓዛ ያለው እንፋሎት ብቻ ነው” ይለዋል፤ ሌላው ከሲጋራ የባሰ መርዝ አድርጎ ያየዋል። ሁለቱም አባባሎች ከእውነታው ይርቃሉ። ቀላሉ መሣሪያ ለምን እንደዘለቀ መመርመር ምርቱ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚያስከፍል ለመረዳት ይረዳል።

ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ በተለምዶ ቬፕ የሚባለው፣ ትምባሆ አያቃጥልም። በውስጡ ያለውን ፈሳሽ በባትሪ ኃይል አሙቆ ወደ ተን ይለውጣል፤ ተጠቃሚውም ተኑን ወደ ውስጥ ይስባል። ፈሳሹ በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ከተባሉ ሁለት ወፍራም ፈሳሾች፣ ከማጣፈጫ ቃናዎችና ከኒኮቲን ይዘጋጃል። ኒኮቲን በትምባሆ ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ሱስ አስያዥ ንጥረ ነገር ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ኩራዝን ማሰብ ይበቃል። የኩራዝ ክር ላምባውን ከታች እየሳበ ለነበልባሉ እንደሚያቀርብ ሁሉ፣ በዚህ መሣሪያ ውስጥም ጥጥ ፈሳሹን እየሳበ ወደተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ያደርሰዋል። ልዩነቱ በኩራዙ ጫፍ ነበልባል መኖሩ፣ በመሣሪያው ውስጥ ግን በኤሌክትሪክ የጋለ ሽቦ መኖሩ ነው። ላምባ ያለቀበት ክር እንደሚከስል ሁሉ፣ ፈሳሽ ያለቀበት ጥጥም አርሮ ጉሮሮን የሚቧጥጥ ጭስ ይሰጣል።

ከየት ተነሣ?

ሐሳቡ ከሚታሰበው በላይ የቆየ ነው። ኸርበርት ጊልበርት የተባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1963 ጭስና ትምባሆ ለሌለው ሲጋራ የፈጠራ መብት ጠይቀው በ1965 አግኝተው ነበር። ሆኖም ፈጠራው ለገበያ ሳይበቃ ቀረ።

ዛሬ ለሚታወቀው ምርት መሠረት የጣሉት ቻይናዊው ፋርማሲስት ሆን ሊክ ናቸው። ሆን ሊክ ራሳቸው ብርቱ አጫሽ ነበሩ፤ አባታቸውም በሳንባ ካንሰር ሕይወታቸው አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2003 የፈጠራ መብት አመልክተው፣ ምርቱ በ2004 በቻይና ገበያ ላይ ዋለ። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች በመልክና በመጠን ሲጋራን የሚመስሉ ነበሩ። ጫፋቸው ላይ የምትበራ ትንሽ መብራት እሳትን ትተካለች። ጉድለታቸው ባትሪያቸው ቶሎ መድከሙና የሚይዙት ፈሳሽ ጥቂት መሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ገደማ “ኢጎ” የተሰኘው፣ ወፍራም እስክሪብቶ የሚመስለው ባትሪ ሲመጣ ይህ ችግር ቀለለ። መሣሪያው ረዘም ላለ ሰዓት ይሠራል፤ ተጠቃሚው አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ይስባል፤ ፈሳሹ ሲያልቅ ይሞላል፤ ሽቦው ሲያረጅ ይቀየራል። ዛሬ ብዙዎች “ቀላሉ፣ አሮጌው” የሚሉት ይህንን ትውልድና የእርሱን ተከታዮች ነው።

የኃይል እሽቅድምድም

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አምራቾችም ተጠቃሚዎችም ኃይል ወደ መጨመር አዘነበሉ። ነገሩ በቀላል ስሌት ይታያል። በ3.7 ቮልት ባትሪ ላይ 1.6 ኦም መከላከያ ያለው ሽቦ ሲገጠም 8.5 ዋት ገደማ ኃይል ያመነጫል። በዚያው ባትሪ ላይ የሽቦው መከላከያ ወደ 0.2 ኦም ቢወርድ ግን ኃይሉ ከ68 ዋት ይበልጣል፤ ይህም ስምንት እጥፍ ነው። ተኑ ይበዛል፤ ፈሳሹ ቶሎ ያልቃል፤ ባትሪው ቶሎ ይደክማል፤ መሣሪያውም ይገዝፋል። ባትሪና ሽቦ ሳይመጣጠኑ ሲገጠሙ ደግሞ የመጋልና የመፈንዳት አደጋ ይከተላል።

የሙቀት መጨመር ሌላም ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የቤተ ሙከራ ውጤት ይህን አመልክቷል። መሣሪያው በ3.3 ቮልት ሲሠራ ፎርማልዲሃይድ የሚለቁ ውሁዶች በተኑ ውስጥ አልተገኙም፤ በ5 ቮልት ሲሠራ ግን ተገኝተዋል። ፎርማልዲሃይድ ካንሰር አምጪ ኬሚካል ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች በዚያ ሙቀት የሚወጣው ተን የማረር ጣዕም ስላለው ሰው አይስበውም ሲሉ ሙከራውን ተችተዋል። ያም ሆኖ ፈሳሹ ከልክ በላይ ሲሞቅ ወደ ጎጂ ነገር እንደሚለወጥ አያከራክርም።

ቀላሉ ለምን ዘለቀ?

የመጀመሪያው ምክንያት አሳሳቡ ነው። ሲጋራ የለመደ ሰው ጭሱን መጀመሪያ አፉ ውስጥ ይይዛል፤ ከዚያ ወደ ሳንባው ያስገባል። አነስተኛ ኃይልና ጠባብ የአየር ቀዳዳ ያላቸው መሣሪያዎች ይህንኑ ልማድ ይከተላሉ። ትልልቆቹ በአንጻሩ አየሩን በቀጥታ ወደ ሳንባ መሳብ ስለሚጠይቁ ለቀድሞ አጫሽ እንግዳ ይሆኑበታል።

ሁለተኛው ቁጥብነት ነው። ኃይሉ አነስተኛ የሆነ መሣሪያ ፈሳሽም ባትሪም በቁጥብ ይጠቀማል፤ ኪስ ይገባል፤ ሰው መሀል ጉም አይለቅም።

ሦስተኛው መለዋወጫው ነው። “510” በሚል ቁጥር የሚታወቀው የባትሪና የማጠራቀሚያ መጋጠሚያ ጥርስ ከቀደምት መሣሪያዎች ተወርሶ እስከ ዛሬ በሰፊው ያገለግላል። የአንዱ አምራች ባትሪ የሌላውን ማጠራቀሚያ ይቀበላል። ይህ ጥርሱ ከሁሉም ጋር የሚገጥም የውኃ ቧንቧ ከማግኘት አይለይም፦ አንድ ክፍል ሲበላሽ ሁሉም አይጣልም።

አራተኛው ለመልመድ ማስቸገር አለመቻሉ ነው። ዝርዝር ማስተካከያ፣ ስክሪንና የስልክ መተግበሪያ የሌለው መሣሪያ ለአረጋዊውም ለሥራ ለተጠመደውም አይከብድም። የሚበላሽበት ነገር ጥቂት በመሆኑም ዕድሜው ይረዝማል።

ጥናት ምን ይላል?

ቀላሉ መሣሪያ በሳይንሱ ዘንድም ስፍራ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያው የሕክምና መጽሔት የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ማጨስ ለማቆም የፈለጉ 886 ሰዎችን በሁለት ቡድን ከፈለ። አንደኛው ቡድን እንደ ማስቲካና በቆዳ ላይ እንደሚለጠፍ ፕላስተር ያሉ የኒኮቲን ምትክ መድኃኒቶች ተሰጡት። ሁለተኛው ቡድን የተሰጠው ፈሳሽ የሚሞላ ቀላል የጀማሪ መሣሪያና በሚሊ ሊትር 18 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ያለው አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ቢያንስ ለአራት ሳምንት በየሳምንቱ የባለሙያ ምክር አገኙ።

ከአንድ ዓመት በኋላ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከተሰጣቸው 18 በመቶው፣ ምትክ መድኃኒት ከተሰጣቸው ደግሞ 9.9 በመቶው ሲጋራ ማጨስ አቁመው ተገኙ። የመጀመሪያው ቁጥር የሁለተኛውን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።

ነገር ግን የጥናቱ ሌላ ገጽ አብሮ መነበብ አለበት። በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ረድኤት ማጨስ ካቆሙት መካከል 80 በመቶው ከዓመት በኋላም መሣሪያውን አልተዉም ነበር። በምትክ መድኃኒት ካቆሙት መካከል ግን መድኃኒቱን ሲጠቀሙ የተገኙት 9 በመቶው ብቻ ናቸው። ይህም ማለት አብዛኞቹ ከጭሱ ቢላቀቁም ከኒኮቲኑ አልተላቀቁም። መሣሪያው ሲጋራን እጅግ በመምሰሉ ሲጋራን ለመተው አገዘ፤ በዚያው በመምሰሉ ራሱን መተው አስቸጋሪ ሆነ።

ቀላልነት ለልጆች ሲደርስ

እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው “ጁል” የቀላልነትን ትምህርት እስከ ጥግ ወሰደው። ቁልፍ እንኳ የለውም፤ መልኩ የኮምፒውተር ፍላሽ ይመስላል። በውስጡ ያለው ኒኮቲን በጨው መልክ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ መጠኑ ከፍተኛ ቢሆንም ጉሮሮን አያቃጥልም። አጫሽ ያልነበሩ ታዳጊዎችም በብዛት ለመዱት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የአሜሪካ መንግሥት የሕብረተሰብ ጤና ኃላፊ የወጣቶችን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተጠቃሚነት ወረርሽኝ ሲሉ ጠሩት።

ከእርሱ በኋላ በቀለምና በፍራፍሬ ጣዕም ያጌጡ፣ አንዴ አገልግለው የሚጣሉ መሣሪያዎች ተስፋፉ። እነዚህ ከሁሉም ቀላል ናቸው፤ ግን አይሞሉም፣ አይጠገኑም። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪም አብሮ ይጣላል። እንግሊዝን ጨምሮ መላው ዩናይትድ ኪንግደም የልጆችን ተጠቃሚነትና የቆሻሻውን ክምር በምክንያትነት ጠቅሶ ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሽያጫቸውን አግዷል። የሚሞሉትና ባትሪያቸው ቻርጅ የሚደረጉት ግን አልታገዱም። አሮጌው ዘዴ በሕግ በኩል እንደገና መንገድ ያገኘው በዚህ ነው።

ጉዳቱ

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በትምባሆ መቃጠል የሚፈጠረውን ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ አያስገባም። ይህ እውነት ለአጫሹ እንጂ ላልጀመረው ሰው ትርፍ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ምርቱ ጉዳት አልባ አለመሆኑን በተደጋጋሚ አሳስቧል። ኒኮቲን በማደግ ላይ ያለን የታዳጊ አእምሮ ይጎዳል፤ ለጽንስም አደገኛ ነው። ፈሳሹን ሕፃን ቢጠጣው ይመርዘዋል። ምርቱ ለሽያጭ ከዋለ ገና 20 ዓመት ጥቂት ያለፈው በመሆኑም፣ 40 ዓመት ሙሉ ተጠቅሞ ውጤቱን የሚያሳይ ሰው እስካሁን የለም።

ምንጩ ያልታወቀ ፈሳሽ ምን ሊያደርስ እንደሚችልም ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ የካቲት 2020 በአሜሪካ 2 ሺህ 807 ሰዎች በሳንባ ጉዳት ሆስፒታል ገብተዋል ወይም ሞተዋል፤ ሟቾቹ 68 ነበሩ። ጉዳቱ በዋናነት የተያያዘው የካናቢስ ቅመም ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ከተጨመረ የቫይታሚን ኢ ቅባት ጋር ነው። መሣሪያው ቀላልም ሆነ ውስብስብ፣ ወደ ሳንባ የሚገባውን የሚወስነው በውስጡ የተሞላው ነገር ነው።

በእኛ ሀገር

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ሺሻን ማምረት፣ ማስመጣት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ይከለክላል። ትምባሆን ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ያግዳል። የትምባሆ ተጠቃሚው ቁጥር በብዙ ሀገራት ካለው ዝቅ ባለበት ሀገር፣ ሕጉ ቅድሚያ የሰጠው አዲስ ሱሰኛ እንዳይፈጠር ለመከላከል ነው።

ስለዚህ ማጨስ ማቆም የሚፈልግ ሰው በሀገራችን መንገዱ በዚህ መሣሪያ በኩል አይደለም። ሆኖም ከእንግሊዙ ጥናት የሚወስደው ቁም ነገር አለ፦ ሁለቱም ቡድኖች ባለሙያ አግዟቸዋል። የማቆሚያ ቀን ቆርጦ ለቤተሰብ ማሳወቅ፣ በአቅራቢያ ካለ የጤና ተቋም ምክር መጠየቅና ከሚያጨሱ ጓደኞች ለጊዜው መራቅ የትኛውንም መሣሪያ አይጠይቁም።

ወላጆችም የዕቃውን መልክ ቢያውቁት ይበጃል። እስክሪብቶ ወይም ፍላሽ የሚመስል፣ የፍራፍሬ መዓዛ ያለው ዕቃ በልጅ ቦርሳ ውስጥ ሲገኝ ከቁጣ በፊት ጥያቄ ይቅደም፤ በውስጡ ኒኮቲን መኖሩንና ኒኮቲን ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት ይከተል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ያልተጀመረ ሱስ ማቆሚያ አያስፈልገውም።