የሜሪ ሮዝ በጎ ፈቃደኛ ጠላቂዎች

የሜሪ ሮዝ በጎ ፈቃደኛ ጠላቂዎች በደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ፣ በፖርትስማውዝ ከተማ አጠገብ የሰጠመችውን ሜሪ ሮዝ የተባለች የጦር መርከብ ፈልገው ያገኙ፣ ከዘራፊ የጠበቁና ከቁፋሮዋ ከፍተኛውን ድርሻ ያከናወኑ ሰዎች ናቸው። ፍለጋው በ1965 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ መርከቧ በ1982 እ.ኤ.አ. ከባሕር ወጣች። አብዛኞቹ በሌላ ሥራ የሚተዳደሩና መጥለቅን በትርፍ ጊዜያቸው የተማሩ ሲሆኑ፣ ለድካማቸው ደመወዝ አይከፈላቸውም ነበር። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መርከቧ

ሜሪ ሮዝ በእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ትእዛዝ በፖርትስማውዝ ተሠርታ በ1511 ወደ ውኃ ገባች። ለ34 ዓመታት ካገለገለች በኋላ ጁላይ 19 ቀን 1545 (ሐምሌ 25 ቀን 1537 ዓ.ም.) በሶለንት የባሕር ወሽመጥ ከፈረንሳይ መርከቦች ጋር ስትዋጋ ወደ ቀኝ ጎኗ አጋደለች፤ ውኃም በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ገብቶ አሰጠማት። ወደ 500 እንደሚሆኑ ከሚገመቱት ተሳፋሪዎች የተረፉት ከ35 ያነሱ ናቸው። ያጋደለችበት ምክንያት እስካሁን ያከራክራል። የባሕሩ ደለል ቀኝ ጎኗን ቀብሮ አየርና እንጨት የሚበላ የባሕር ትል እንዳይደርስበት ስላደረገ ግማሽ አካሏ ሳይበሰብስ ቆየ። ደለል ያልሸፈነው ግራ ጎኗ ግን በጊዜ ብዛት ጠፋ።

የመጀመሪያው ግኝት

በ1836 የዓሣ አጥማጆች መረብ በተደጋጋሚ አንድ ነገር ላይ ስለተያዘ ጆን ዲን እና ዊልያም ኤድዋርድስ የተባሉ ጠላቂዎች ወርደው አዩት፤ ሜሪ ሮዝ ሆነች። በሚቀጥሉት ዓመታት መድፎችንና ቀስቶችን አወጡ፤ ከዕቃዎቹም ብዙዎቹ በጨረታ ተሸጡ። እያንዳንዱ ዕቃ ከየትኛው የመርከቧ ክፍል እንደተነሣ አልተመዘገበም። ብዙም ሳይቆይ ሥራው ቆመና ቦታው ተረሳ።

ፍለጋው

በ1965 አሌክሳንደር ማኪ የተባለ ጋዜጠኛና የታሪክ ጸሐፊ፣ ራሱም ጠላቂ የሆነ፣ በፖርትስማውዝ የሳውዝሲ የጠላቂዎች ክበብ አባላትን አስተባብሮ ፍለጋ ጀመረ። ዲን መርከቧን ያገኘበት ቦታ የተመለከተበት የ1841 የባሕር ካርታ ሲገኝ ፍለጋው በጠባብ ሥፍራ ተወሰነ። በ1967 በተደረገ የሶናር ምርመራ ከደለሉ ሥር የተቀበረ ነገር መኖሩ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ግን ዓመታት የፈጀ አድካሚ ሥራ ነበር። ውኃው ደፍራሽ በመሆኑ ጠላቂዎቹ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በዳበሳ ነበር፤ የከተማው የእሳት አደጋ ሠራተኞችም በትርፍ ጊዜያቸው በውኃ መርጫ ደለል በመጥረግ ረድተዋል። በሜይ 1971 ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ፣ ፐርሲ አክላንድ፣ የመርከቧን የጎን እንጨቶች አገኘ።

ጥበቃ

ቦታው በታወቀ ቁጥር አደጋውም ጨመረ። በወቅቱ በብሪታንያ ለሰጠሙ ታሪካዊ መርከቦች የተለየ ሕግ አልነበረም፤ ማንም ጠላቂ ወርዶ ዕቃ ማንሣት ይችል ነበር። ስለዚህ በ1967 የተቋቋመው የሜሪ ሮዝ ኮሚቴ ሌላ መላ ፈለገ፦ መርከቧ ያረፈችበትን የባሕር ወለል እንደ መሬት ከብሪታንያ ዘውድ ንብረት አስተዳደር ተከራየ። ሕጉ የወጣው በ1973 ነው። ሜሪ ሮዝም በ1974 በሕጉ ተመዝግባ ያለ ፈቃድ ወደ ቦታው መጥለቅ ተከለከለ።

ቁፋሮው

የቁፋሮው መሪ ማርጋሬት ሩል የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ነበረች። መጀመሪያ መጥለቅ አታውቅም ነበር፤ ጠላቂዎቹ የሚነግሯትን በዓይኗ ለማየት ስትል ተማረች። ጠላቂዎቹም በተራቸው የአርኪዮሎጂን ሥርዓት ተማሩ፤ ምናልባት ለሥራው መሳካት ከሁሉ ይበልጥ የረዳው ይህ ነው። ዕቃ ሲገኝ ወዲያው አይነሣም ነበር። መጀመሪያ በመርከቧ ላይ ከተተከሉ ቋሚ ምልክቶች ያለው ርቀት በሜትር ይለካል፣ በውኃ ውስጥ በሚሠራ ሰሌዳ ላይ ይሣላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከአራት ምልክቶች የተወሰደ ልኬት የዕቃውን ቦታ ከነጥልቀቱ ለማስላት ያስችላል።

በ1979 የሜሪ ሮዝ ባለአደራ ድርጅት ከተቋቋመ በኋላ እስከ 1982 ድረስ ከ500 በላይ በጎ ፈቃደኞች ወደ 28,000 የሚጠጋ ጊዜ ጠልቀዋል። በአጠቃላይ ከ19,000 በላይ ዕቃዎች ወጥተዋል፤ ከነዚህም 137 ሙሉ ቀስቶች፣ የመርከቧ ሐኪም የመድኃኒት ሣጥንና የአንድ ውሻ አፅም ይገኙበታል። ቦታቸው ስለተመዘገበ ሣጥኑ የማን ክፍል ውስጥ እንደነበረ፣ ቀስቶቹ በየትኛው ወለል እንደተከማቹ ማወቅ ተችሏል። ከ1836ቱ ግኝት ይህን ማወቅ አይቻልም።

ኦክቶበር 11 ቀን 1982 (ጥቅምት 1 ቀን 1975 ዓ.ም.) መርከቧ በብረት ማዕቀፍ ተደግፋ በክሬን ወጣች። በማንሣቱ ላይ የጦር ሠራዊት ጠላቂዎችም ተሳትፈዋል። ማዕቀፉ በአንድ ማዕዘኑ በድንገት ወርዶ ተመልካቹን ቢያስደነግጥም በመርከቧ ላይ ከባድ ጉዳት አልደረሰም። እንጨቱ እንዳይሰነጣጠቅ ለዓመታት ውኃ፣ ቀጥሎም ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተባለ ሰም መሰል ኬሚካል ሲረጭበት ቆይቷል። አዲሱ ሙዚየም በ2013 ተከፍቷል።

ከሜሪ ሮዝ በኋላ

መርከብ አውጥቶ ማቆየት እጅግ ውድ በመሆኑ ዛሬ ቅድሚያ የሚሰጠው ባለበት መጠበቅ ነው፤ በ2001 የጸደቀው የዩኔስኮ የውኃ ውስጥ ቅርሶች ስምምነትም ይህንኑ ይደነግጋል። ብሪታንያ ስምምነቱን ባታጸድቅም የሥራ መመሪያውን ትከተላለች። በእንግሊዝ በ1973ቱ ሕግ በሚጠበቁት ሥፍራዎች ብዙዎቹን በፈቃድ የሚከታተሉት በጎ ፈቃደኛ ጠላቂዎች ናቸው። በ1665 በቴምዝ ወንዝ መግቢያ ፈንድታ የሰጠመችው ለንደን የተባለች መርከብ ለዚህ ምሳሌ ናት። የውኃው ፍሰት ደለሉን እየገፈፈ እንጨቷን ስለሚያጋልጥ፣ ፈቃድ ያላቸው የአካባቢው ጠላቂዎች የተጋለጠውን ይመዘግባሉ። በ2015 የመድፍ ማስቀመጫ ጋሪ ከዚያው ወጥቷል።

ሜሪ ሮዝም ሙሉ በሙሉ ከባሕር አልወጣችም። ከ2003 እስከ 2005 በተካሄደ ተጨማሪ ቁፋሮ የፊት ምሰሶዋና አንድ መልሕቅ ቢወጡም፣ ከፊት ክፍሏ ስብርባሪ የቀረው ተመልሶ በደለል ተሸፍኗል። ቦታው ዛሬም በሕግ የተጠበቀ ሲሆን ያለ ፈቃድ መጥለቅ አይቻልም።