በወንዙ ዳር የቆሙት ሰሌዳዎች ምን ይነግሩናል?



ቁርኣን በምድር ላይ ሄደን ከእኛ በፊት የነበሩትን ሰዎች ፍጻሜ እንድናስተውል ደጋግሞ ያዘናል። ዛሬ በሐሳብ የምንጓዘው ወደ አሜሪካ ደቡብ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደ ናቼዝ ከተማ ነው። በዚያ ግዛት ታሪክ የተፈጸመባቸው ቦታዎች በመንገድ ዳር ሰሌዳ ይታወቃሉ። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ጥቂት መስመር ያነብና መንገዱን ይቀጥላል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የከተማዋ ስም ራሱ እንደ ሰሌዳ ነው። ናቼዝ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ነበሩ። በ1716 ፈረንሳዮች በመካከላቸው ምሽግ ሠሩ። በ1729 ናቼዞች በፈረንሳዮች ላይ ተነሡ። በተከተለው ጦርነት ተሸንፈው ተበተኑ፤ ከተማረኩትም ብዙዎቹ ለባርነት ተሸጡ። ሕዝቡ ከምድሩ ተነቀለ፣ ስሙ ግን እዚያው ቀረ።

ከከተማዋ መሐል በስተምሥራቅ የመንገዶቹ መገናኛ የሚባል ቦታ አለ። በ1833 በኮሌራ ፍርሃት የተነሳ የባሪያ ነጋዴዎች ከከተማው ክልል እንዲወጡ ሲደረግ ገበያቸውን የተከሉት እዚህ ነበር። በደቡቡ ካሉት ትላልቅ የባሪያ ገበያዎች አንዱም ሆነ። እናት ከልጇ፣ ባል ከሚስቱ ተለያይተው እስከ 1863 ድረስ የአዳም ልጆች በዚህ ስፍራ ተሸጡ። በዚያ ዓመት የሰሜኑ ጦር ከተማዋን ያዘ። የገበያው አጥሮችም ፈርሰው እንጨታቸው ለወታደሮች መኖሪያ ዋለ። ዛሬ በስፍራው ሰሌዳዎች ቆመዋል፤ በሲሚንቶ የተያዘ የእግር ብረትም ከመሬት ላይ ይታያል።

ይህ ገበያ ከመቆሙ 45 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1788፣ አንድ ሙስሊም ወጣት በዚሁ ወንዝ ተጭኖ መጥቶ በናቼዝ ተሸጦ ነበር። ስሙ አብዱረህማን ኢብራሂማ ይባላል። የዛሬዋ ጊኒ ክፍል የሆነችው የፉታ ጃሎን መሪ የኢማም ሶሪ ልጅ ሲሆን፣ በቲምቡክቱ የተማረና ፈረሰኛ ጦር የመራ ሰው ነበር። የገዛው ቶማስ ፎስተር የተባለ ገበሬ «የንጉሥ ልጅ ነኝ» ማለቱን ሰምቶ «ፕሪንስ» ብሎ ጠራው። እርሻው ላይ 40 ዓመት ያህል አገለገለ። በ1807 ግን በአቅራቢያው ባለ ገበያ አንድ ሐኪም አየውና አወቀው። ይህ ሰው ከዓመታት በፊት በአፍሪካ ታሞና መንገድ ጠፍቶት ሳለ የአብዱረህማን አባት አስጠግቶት ነበር። ሐኪሙ ውለታውን ሊከፍል ገንዘብ አቀረበ፤ ፎስተር ግን አልሸጥም አለ።

በ1826 አብዱረህማን በዓረብኛ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤውን ያዩት ሰዎች ዓረብኛ መሆኑን ብቻ አይተው የሞሮኮ ሰው ነው ብለው ወደ ሞሮኮ ላኩት። የሞሮኮው ሱልጣንም እንዲለቀቅ ጠየቁ። በ1828፣ በፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ዘመን፣ ነፃ ወጣ። ሱብሓነላህ! ሰዎቹ ተሳስተው የለጠፉበት ስም የነፃነቱ ሰበብ ሆነ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በፊላደልፊያ አንድ ሰው የክርስቲያኖችን «አባታችን ሆይ» ጸሎት በዓረብኛ እንዲጽፍለት ጠየቀው። እርሱም ጻፈለት። ተቀባዩ ከሥር «ይህ አባታችን ሆይ ነው» ብሎ ማስታወሻ አኖረበት። ዓረብኛ የሚያውቁ ሰዎች ሲያነቡት ግን ሱረቱል ፋቲሐ ሆኖ ተገኘ።

ወንድሞችና እህቶች! ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሰሌዳ የሚናገረው የጻፈው ሰው ያወቀውን ያህል ብቻ ነው። ያላወቀውን ይተዋል፤ አንዳንዴም በቅን ልቦና ሌላ ስም ይሰጠዋል። ስለዚህ ሰሌዳ ማንበብ ጥሩ ነው፤ «ያልተጻፈውስ?» ብሎ መጠየቅ ግን ከዚያ ይበልጣል።

አብዱረህማን ከባለቤቱ ከኢዛቤላ ጋር በ1829 ወደ ላይቤሪያ ተሻገረ። ልጆቹን በባርነት ትቶ ነበር የሄደው። ትውልድ አገሩን ሳያይም በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በሞንሮቪያ አረፈ። ሬሳው በፉታ ጃሎን አፈር አልተቀበረም፤ የእጁ ጽሑፍ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

በየቤታችንም በሣጥን ተቀምጠው፣ በጨርቅ ተጠቅልለው የቆዩ የአያቶቻችን ወረቀቶች አሉ። ዛሬ ማታ እናውጣቸው። ማን እንደጻፋቸው፣ ለማን እንደተጻፉ ትልልቆቻችንን እንጠይቅ፣ ልጆቻችንም ይጻፉት። ማንበብ የማይችል ሰው በማያውቀው ላይ ስም ከመለጠፉ በፊት፣ እኛ የምናውቀውን እናኑር።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።