ዊንዶውስን ከመተው በፊት «ክፍት ምንጭ» የሚለው ቃል ይፈታ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሁሉንም ማሽን አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት መሣሪያ ይጠይቃል፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን ወደ ጎን ይተዋል። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስክሪኑም ኪቦርዱም ባትሪውም ደህና የሆነ 6ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5 በእጁ ይዞ፣ ወይ ያለ ደኅንነት ማሻሻያ መቀጠል፣ ወይ አዲስ መግዛት፣ ወይ ሊኑክስ መጫን ይኖርበታል። ማይክሮሶፍት ያቀረበው የአንድ ዓመት ማራዘሚያም ውሳኔውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ሊኑክስን የሚመክሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት ምክንያት «ነጻ ነው» የሚል ነው። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ጥያቄውን ግን ከመነሻው ያጣምመዋል። ሊኑክስን ከዊንዶውስ የሚለየው ዋናው ጉዳይ «ክፍት ምንጭ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለ መብት ነው፤ ቃሉ ደግሞ በአማርኛ ገና በቅጡ አልተፈታም።

ዊንዶውስም ሊኑክስም የሚጠሩበት፣ ለ«ኦፐሬቲንግ ሲስተም» የተሰጠው «ስርዓተ ክወና» የሚለው አቻ ግን የተሳካለት ነው። ከ«ከወነ» ወጥቶ በግዕዝ አገባብ የተናበበ ሲሆን፣ ኮምፒውተር ሲበራ ቀድሞ የሚነሣውን፣ ፋይሉንም ፕሪንተሩንም ኢንተርኔቱንም የሚያስተዳድረውን መሠረታዊ ሶፍትዌር በሚገባ ይሰይማል። ችግር ያለው «ምንጭ» ላይ ነው። ፕሮግራመር ሶፍትዌር ሲሠራ የሚጽፈው ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነው፤ ይህ ቁልፍ ሲነካ ይህን አድርግ የሚል ትእዛዝ በየመስመሩ ይደረድራል። ይህ ጽሑፍ ምንጭ ኮድ ይባላል። ኮምፒውተሩ እንዲያስኬደው ጽሑፉ ወደ ዜሮና አንድ ድርድር ይለወጣል፤ ባለሙያዎቹ «ኮምፓይል ማድረግ» የሚሉት ይህን ነው። ከጓዳችን ምሳሌ ብንወስድ፣ በርበሬ የምታዘጋጅ እናት ዛላውን ቀንጥሳ፣ ኮረሪማውን፣ ነጭ አዝሙዱን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን መጥና ወደ ወፍጮ ቤት ትልካለች። ከተፈጨ በኋላ የቀመሰው ሰው መጣፈጡን ይመሰክራል፤ ኮረሪማው ስንት ሲኒ እንደነበረ ግን ከዱቄቱ መልሶ ሊለይ አይችልም። ዊንዶውስን የሚገዛ ሰው የሚያገኘው ዱቄቱን ነው፤ ምጥኑ በኩባንያው እጅ ይቀራል። ሊኑክስ ከዱቄቱ ጋር ምጥኑንም ይሰጣል። ከዚያም አልፎ፣ ኮረሪማው ከበዛብህ ቀንሰህ የራስህን አስፈጭ፣ ያስፈጨኸውንም ለጎረቤትህ አካፍል የሚል የጽሑፍ ፈቃድ አብሮ ያስይዛል።

ይህ ፈቃድ ታሪክ አለው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያሰራጨው የሚችል ስርዓተ ክወና እንደሚሠራ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የስርዓተ ክወናውን አስኳል ጻፈ፤ በዓመቱም ስቶልማን ባዘጋጀው ፈቃድ ሥር አወጣው። ሁለቱ ሥራዎች ተገናኝተው ዛሬ ሊኑክስ የምንለውን አስገኙ። ነገር ግን ስቶልማን የመረጠው «ፍሪ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነጻነትንም ያለ ክፍያ መሰጠትንም የሚገልጽ ስለነበር የሰሚው ሐሳብ ወደ ዋጋው እያዘነበለ አስቸገረ። በ1998 መጀመሪያ ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ የብራውዘሩን ምንጭ ኮድ ለሕዝብ እንደሚለቅ ባስታወቀ በሳምንታት ውስጥ፣ ክሪስቲን ፒተርሰን በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ላይ «ኦፕን ሶርስ» የሚለውን ስያሜ አቀረበች። ስያሜው የተፈለገው ወሬውን ከዋጋ አውርዶ ወደ ጽሑፉ ለመመለስ ነበር።

አማርኛ በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛ የተሻለ ዕድል አለው። «ነጻ ሰው» እና «በነጻ የተገኘ ዕቃ» ስንል አንዲት «በ» ትለያቸዋለች፤ አንዱ ጌታ የሌለበትን፣ ሌላው ዋጋ ያልተከፈለበትን ይነግረናል። (ፍርድ ቤት «በነጻ አሰናበተው» ሲል የሚሰጠው ሦስተኛ ትርጉም እዚህ አያስፈልገንም።) ይህን የመሰለ መለያ በቋንቋችን እያለ «ሊኑክስ ነጻ ነው» ብለን «በነጻ ነው» ማለታችን ያለንን መጣል ነው። በዚህ የተነሣ «ነጻ ሶፍትዌር» የሚለውን አቻ አልመርጥም፤ አገባቡ ትክክል ቢሆንም አንባቢው ጆሮ ውስጥ «በ»ዋ ሳትጠራ ትገባለች። «ግልጽ ኮድ» የሚሉም አሉ። «ግልጽ» ግን ለመረዳት ቀላል የሆነን ነገር ያመለክታል፤ ምንጭ ኮድ ደግሞ ላልተማረው ሰው ፈጽሞ ግልጽ አይደለም። «ክፍት» ይሻላል፤ መግባት ለሚፈልግ በሩ አልተዘጋም ማለት ነው፣ ገብቶ የሚረዳው ይረዳል። ቀሪው ጣጣ «ምንጭ» ነው። «ክፍት ምንጭ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው ያልታጠረ ውኃ ነው። ምስሉ መካፈልን በደንብ ይገልጻል፣ መነበብን ግን አይገልጽም። በጋዜጣ ቋንቋም «ምንጮቻችን» የምንላቸው ብዙ ጊዜ ስማቸው የተሸሸገ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ «ክፍት ምንጭ» በጽሑፍ ስለተለመደ እሱኑ እንያዝ፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ሲጠቀስ «ክፍት ምንጭ ኮድ» ተብሎ ሙሉው ይጻፍ። «ኮድ»ን ሁሉም ያውቀዋል፣ «ምንጭ»ንም ከውኃው ያላቅቀዋል።

የቃሉ ፍቺ ውሳኔያችንን እንዴት እንደሚለውጥ ከግዕዝ ፊደል ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ዩኒኮድ ከተባለው የፊደል ኮድ መስፈርት በፊት አማርኛን በኮምፒውተር ለመጻፍ የተሠሩት ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው ለፊደሎቹ የራሳቸውን የኮድ ቁጥር ይሰጡ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት፣ «ሰላም» በነበረበት ቦታ የላቲን ፊደልና የነጠላ ሰረዝ ቅልቅል ይመጣል። በየመሥሪያ ቤቱና በየማተሚያ ቤቱ እንዲህ ተቆልፈው የቀሩ ፋይሎች አሉ። ጽሑፉ የጸሐፊው ነው፤ መክፈቻው ግን ሶፍትዌሩን በሠራው ወገን እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3ኛ እትም ግዕዝን ሲያካትት ለእያንዳንዱ ፊደል ለሁሉም የታወቀ ቁጥር ስለተሰጠ ችግሩ ለአዲስ ጽሑፍ ተፈታ። ዩኒኮድ ክፍት መስፈርት እንጂ ሶፍትዌር አይደለም፤ የሚያስተምረን ግን አንድ ነው፤ አሠራሩ ተጽፎ የተገለጠ ነገር ባለቤቱ ቢጠፋም አይጠፋም። በሊኑክስ ላይ «ሴራ» በተባለው ዘዴ አማርኛ የሚጽፍ ሰው «selam» ብሎ «ሰላም» የሚያገኘው፣ የላቲኑ አጻጻፍና የሚሰጠው የግዕዝ ፊደል በጥንድ በጥንድ ከተደረደሩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል የተነሣ ነው። «ሠ»ን ለመጻፍ የሚነካው ቁልፍ ያልተመቸው ሰው ፋይሉን ከፍቶ ያንን አንድ መስመር መቀየር ይችላል፤ የቀየረውንም ለጓደኛው ይልካል። ማንንም አያስፈቅድም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው ከራሱ ከቃሉ ይወጣል፦ ክፍት ቤት ሌባ ይገባበታል፤ ኮዱን ሁሉም ካየው ቀዳዳውንም ሁሉም ያየዋል። ሁለተኛው፦ እኔ ኮድ አላነብም፣ ታዲያ መከፈቱ ምን ይጠቅመኛል? ለሁለተኛው ነጋሪት ጋዜጣ በቂ መልስ ነው። አብዛኛው ዜጋ አዋጅ ገልጦ አያነብም፤ ነገር ግን አዋጁ ታትሞ መውጣቱ ጠበቃው፣ ጋዜጠኛውና ተከራካሪው እንዲያነቡለት ያደርጋል። ያልታተመ ሕግ እንዲገዛው የሚፈቅድ ሰው የለም። የመጀመሪያው ተቃውሞ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። «ኦፕን ኤስኤስኤል» በተባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ከባድ ቀዳዳ ለሁለት ዓመት ያህል ሳይታይ ቆይቷል፤ መከፈት ብቻውን ዓይን አይሆንም። በሌላ በኩል በ2024 የሆነውን እንይ። «ኤክስዜድ» በተባለ፣ በሊኑክስ ላይ በሰፊው በሚሠራበት የፋይል መጭመቂያ ውስጥ፣ ለዓመታት አመኔታ ሲገነባ የቆየ ሰው ድብቅ መግቢያ አስገባ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ሰርቨር መግባት ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት ልብ አለ፤ ምክንያቱን እየተከተለ ሄዶ መግቢያውን አገኘው፣ ዋናዎቹ የሊኑክስ ስርጭቶች መደበኛ እትም ውስጥ ሳይገባም ተቀጨ። ፍሮይንድ የማይክሮሶፍት ሠራተኛ ነው። ፈለጉን እስከ ጥፋቱ ድረስ መከተል የቻለው ግን ፋይሎቹና ለውጦቹ በፊቱ ተዘርግተው ስለነበሩ ነው። በተዘጋ ሶፍትዌር ግማሽ ሰከንዷን ያስተዋለ የውጭ ሰው ቅሬታ ጽፎ ከመጠበቅ ሌላ ብዙ አማራጭ የለውም።

የተከፈተው ኮዱ እንጂ መረጃው እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ ህንድ ባንጋሎር በሚገኝ የቴክኖሎጂ ተቋም በተወጠነ ክፍት ምንጭ ሥርዓት ላይ ነው። የሞሲፕን ምንጭ ኮድ ማንም ማንበብ ይችላል፤ ይህ ማለት ግን የተመዝጋቢውን አሻራ ማንም ያያል ማለት አይደለም። የቁልፉ አሠራር የታወቀ ነው፤ የእያንዳንዱ በር መክፈቻ ግን በባለቤቱ እጅ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ሊኑክስን የሚወድ ሰው ሁሉ እውነቱን መናገር አለበት። የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው። አውቶካድና ፎቶሾፕ ለሊኑክስ አይዘጋጁም። ለዊንዶውስ ተብለው የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ በእነሱ የተጻፈ የዓመታት ፋይል ያለው ቢሮ መጀመሪያ ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይኖርበታል። ለእነዚህ ሰዎች «ዝም ብለህ ቀይር» ማለት ሥራቸውን ማበላሸት ነው። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመዞር ወስና፣ በአስር ዓመት ውስጥ ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን ካዞረች በኋላ፣ ምክር ቤቷ በ2017 ወደ ዊንዶውስ እንዲመለሱ ወሰነ። የፈረንሳይ ዣንዳርመሪ ፖሊስ ግን በተቃራኒው ቅደም ተከተል ሄደ። ስርዓተ ክወናውን ሳይነካ በ2005 አካባቢ የጽሑፍና የሠንጠረዥ ሶፍትዌሩን፣ ቀጥሎ ብራውዘሩንና ኢሜይሉን በክፍት ምንጭ ተካ፤ ሠራተኛው ከለመዳቸው በኋላ ከ2008 ጀምሮ ከሥር ያለውን ዊንዶውስ ኡቡንቱ በተባለ የሊኑክስ ስርጭት ለወጠ። ዛሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። የሙኒክ መመለስ ፖለቲካም አስተዳደርም አለበት፣ በቅደም ተከተል ብቻ አይገለጽም። ቢሆንም ለአንድ ቢሮም ሆነ ለአንድ ሰው የፈረንሳዮቹ መንገድ የሚያስኬድ ይመስለኛል፤ የጽሑፍና የሠንጠረዥ ሶፍትዌሩን ሊብረ ኦፊስንና ብራውዘሩን ፋየርፎክስን ዛሬውኑ ዊንዶውስ ላይ ጭኖ መልመድ ይቻላል፣ የሚቋረጥ ሥራም የለም።

«ዊንዶውስም እኮ በነጻ ይገኛል» የሚል መልስም ይሰማል፤ ክራክ የተደረገውን ማለታቸው ነው። የዋጋው ክርክር ባዶነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሊኑክስ የሚመረጠው በርካሽነቱ ብቻ ከሆነ ክራክ ያደረገው ሰው የሚቀይርበት ምክንያት የለውም። ክራኩን የሠራው ሰው ግን ማን እንደሆነ፣ ምን እንደጨመረበት አይታወቅም፤ ምጥኑ ባልታወቀ በርበሬ ላይ ሌላ ያልታወቀ ነገር ተነስንሶበታል። በክፍት ምንጭ ደግሞ መገልበጥ ራሱ የተፈቀደ ነው። አንድ ተማሪ 3 ጊጋባይት ገደማ የሆነውን ሊኑክስ ሚንት አንድ ጊዜ በዳታ ካወረደ፣ መላው ክፍል ከእሱ ፍላሽ ቢገለብጥ ሕግ አይጣስም። የኢንተርኔት ዋጋ ለሚከብደው አገር ይህ መብት ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ውሳኔው ከሥራው ይነሣ። ዊንዶውስ 11 የማይቀበለው ላፕቶፕ ያለው፣ ሥራውም ጽሑፍ፣ ኢሜይል፣ ብራውዘርና ፊልም የሆነ ሰው ይቀይር። ሒሳቡን በፒችትሪ የሚዘጋ፣ ፕላኑን በአውቶካድ የሚሠራ አሁን አይቀይር፤ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ግን ከአሁኑ መልመድ ይጀምር። ለሚያመነታ ሰው መሞከሪያ አለ። ሚንት ወይም ኡቡንቱ የተዘጋጀበትን 8 ጊጋባይት ፍላሽ ሰክቶ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ሲያስነሳው፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጭን ሊኑክስን ያያል። ዋይፋዩ ይያዝ፣ ድምፁ ይሰማ፣ የቢሮው ፕሪንተር ያትም፣ የቆየ የአማርኛ ፋይል ተከፍቶ ፊደሉ ይታይ። አራቱ ከተሳኩ ማሽኑ ዝግጁ ነው፤ አንዱ ካልተሳካ ፍላሹ ሲነቀል ዊንዶውስ እንደነበረ ይመለሳል። ለመጫን ከወሰኑ ደግሞ፣ ማሽኑ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ፋይልዎን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፣ የተገለበጠውንም ከፍተው ያረጋግጡ።